ጠላ የማይቀዳበት ማህበር

እናንተ፣ ጠላ ቤት ለማግኘት አድራሻ የጠየቀ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ደጃፍ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ከተደፋበት፣ በቃ፣ ጠላ አለ ማለት ነው። መንገደኛው ያውቀዋል። ፊደል ያልቆጠረውም ያነበዋል። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቴ ስሄድ ከተማሪ ይልቅ የማየው ጣሳ ነው። መግቢያው እንዲህ በየደጁ ተተክሎ፣ መውጫው ግን ምልክት የለውም። መጠጥ ላቁም ያለ ሰው በየት በኩል ይውጣ? ማንን ይጠይቅ? እኔ ጠይቄያለሁ። ጠይቄ ጠይቄ የደከመኝን ነው የማወጋችሁ።

ነገሩ የወንድሜ ነው። ላቀው ይባላል። ታላቄ ስለሆነ «አያ ላቀው» እለዋለሁ። እህል ነጋዴ ነው፤ በቆሎና ዳጉሳ ከገበሬው ገዝቶ በጭነት መኪና ይልካል። ጨዋታ ያውቃል። ለቅሶ ቤት ገብቶ አልቃሹን ያስቃል። «ላቀው ካልመጣ ድግሱ ጨው የለውም» ይባልለት ነበር። ታዲያ ማንም ሰካራም ብሎት አያውቅም። በእኛ አገር ሰካራም የሚባለው የሚሳደበው ነው። የሚያስቀው «ተጫዋች» ነው የሚባል። ጠዋት ሲቀምስ «አፍ ማሟሻ» ይለዋል። ቀን ሲደግም «ለምሳ»፣ ማታ ሲሠልስ «ለእንቅልፍ»። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አይደል የሚባለው? አረቄም እንደዚያው ነው። ወንድሜን ሲወስደው እኛ ዳር ቆመን እንስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው ሽማግሌ የመጣ ዕለት ነው። የወንድሜ ልጅ ውባለም ለአቅመ ሔዋን ደርሳ፣ ጅጋ በኩል ካለ ደህና ቤተሰብ ሽማግሌዎች ተላኩ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ጠዋት ከቤተክርስቲያን መልስ መጡ። አያ ላቀው ደስ አለው። አስቀመጣቸው። «ትንሽ ታገሱኝ፣ ለእንግዳ የሚሆን ነገር ላምጣ» ብሎ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ።

ወጣ፣ በቃ ወጣ።

ሚስቱ ትሁን ቤት ያለውን አቀረበች። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ አወሩ። ስለ ማዳበሪያ አወሩ። እንደገና ስለ ዝናብ አወሩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ትሁን በዓይኗ ጠቀሰችኝና ወጣሁ። ያገኘሁት ጎረቤት በቆሎ ውስጥ ነው። ጀሪካኑን ተንተርሶ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ተኝቷል። ቀስቅሼ ቀስቅሼ እምቢ ሲለኝ ተመለስኩና «አሞታል» አልኩ። የጎጃም ሽማግሌ ጨዋ ነው። ትልቁ ሰውዬ ጋቢያቸውን አጣፉና «የድካም ጊዜ ነው፤ ሰው ይደክመዋል። ሌላ ቀን እንመለሳለን» አሉ። ጅጋ ግን እስኪደርሱ ምን ሲሉ እንደሄዱ እግዜር ይወቀው።

ውባለም አላለቀሰችም። ማታ አባቷ ነቅቶ ሲገባ እራት አቀረበችለት። ከዚያ ቆማ እንዲህ አለችው፦ «ሽማግሌዎቹ ቢመለሱም ቀን አላስቆርጥም፣ አባባ። የሰርጌ ዕለት ማን ይጠብቅሃል? ሙሽራ ሆኜ በቆሎ ለበቆሎ አባቴን አልፈልግም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ወንድሜ ነው። አፉን አላሟሸም። እጁ እንደ ወፍጮ ቋት ይንቀጠቀጣል።

«መምህር» አለኝ፣ «ውሰደኝ።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ አይደለህ የተማርከው?»

እንግዲህ የመማር ጣጣው ይህ ነው። ወዴት ልውሰደው? ፀበል ሄዷል። ፀበሉ ያለበት እስከቆየ ድረስ ደህና ነው፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ፊቱ ይጠራል። ችግሩ ፀበሉ አይደለም። ችግሩ ከፀበሉ የሚያመጣው መንገድ ነው። በግራ ጣሳ፣ በቀኝ ጣሳ።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ከእኛ የባሰ የደከመው ይመስላል። መረመረው። «በአንድ ጊዜ አትተው፤ ቀስ እያልክ ቀንስ። ካቃዠህ ወይ ከጣለህ ሳትውል ሳታድር ና» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ኪኒን የምሰጠው ለእጁ ነው። ለልቡ የሚሆን የለኝም። ካቆሙ ሰዎች ጋር ቢቀመጥ ነው የሚሻለው። ቡሬ እሁድ እሁድ የሚሰበሰቡ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ። ቡሬ የት? «እሱን እንኳ አላውቅም።»

እሁድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ወረድን። አሁን መጠየቅ ነው። ግን ምን ተብሎ ይጠየቃል? ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። ዝናብ ቢመጣ የማይሸሸግ ሰው፣ ያን ቀን ኮቱን እስከ ጆሮው ከፍ አድርጎ ተሸሽጓል። ባለ ባጃጁን ጠጋ አልኩና በስብሰባ አማርኛ «መጠጥን በተመለከተ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቤት ታውቃለህ ወይ?» አልኩት። ልጁ ጠቀሰኝ። «ገባኝ፣ ጋሼ! ግቡ» አለ። በርበሬ ከተሰጣበት ሜዳ አጠፈና አንድ ደጃፍ ላይ አወረደን። «የጥሩወርቅ ቤት ነው። በቡሬ ከዚህ የታወቀ የለም።»

የአረቄ ቤት ነው! ግድግዳው ራሱ ይሸታል። ውስጥ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ወንዶች «ግቡ፣ ግቡ፣ ኖር!» ይሉናል። አያ ላቀው ቀስ ብሎ ኮቱን ከጆሮው አወረደ። «መምህር» አለኝ፣ «እኔ አፌን አልከፈትኩም። እግዜር ነው ያመጣን።» በኮቱ ጎትቼ አስወጣሁት። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ ነጂው እኔ እንደምሆን ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቡሬን ዞርናት። ቤተክርስቲያን ደጅ ጠየቅን። ጤና ጣቢያ ጠየቅን። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች አለን። ወንድሜ ላብ በላብ ሆነ፤ ግንብ ተደግፎ ተቀመጠ። በመጨረሻ በርበሬ የምትገለብጥ ሴትዮ ጠየቅኩ። አሁን ግን ሰለቸኝና በቀጥታ ነው የጠየቅኩት። «መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የት ነው የሚሰበሰቡት?»

«እነ መሪጌታ? ጥሩወርቅ ቤት ነዋ።»

«አረቄ ሻጯ?»

«ነበረች» አለችኝና በርበሬዋን ገለበጠች።

ሮጠን ስንመለስ ስብሰባው አልቆ አግዳሚ ያነሳሉ። «እሁድ ኑ» ተባልን። ወንድሜ ሚኒባስ ውስጥ ኮቱን እንደገና እስከ ጆሮው ሳበ። መጠጥ ለመጀመር አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ለማቆም ግን ቀጠሮ ያስፈልገዋል ለካ።

እማማ ጥሩወርቅን የማታውቁ እንደሆነ ላስተዋውቃችሁ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ጎርነን ያለ። የቡሬን ግማሽ ወንድ በአረቄ ያሳደጉ እሳቸው ናቸው ይባላል። ለምን እንደተዉት በሁለተኛው እሁድ ራሳቸው ነገሩን። አንድ ልብስ ሰፊ ደንበኛ ነበራቸው። ጨዋ፣ ዝምተኛ። አንድ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ደጃፉ ላይ ተኝቶ አገኙት። ብርድ እንዳይመታው ጋቢያቸውን አለበሱት። ለካ አልተኛም፤ ሞቷል። ሚስቱ ተጠርታ መጣች። እማማ ጥሩወርቅ ስድብ ጠበቁ፣ እርግማን ጠበቁ። ሴትዮዋ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ስላለበሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው።

«ብትረግመኝ እስከ ዛሬ እሸጥ ነበር» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። «ምርቃቷ ነው የገደለኝ።»

አረቄ ማውጫ ጋኑን ሰባበሩት። ደንበኞቻቸው ግን እግራቸው ለምዶ መምጣቱን አልተዉም። «ከመጣችሁማ ተቀመጡ» ብለው ሻይ አፈሉላቸው። ማህበሩ እንዲህ ነው የተጀመረ። ማንም አላቋቋመውም። የሚሄድበት ያጣ ሰው ሁሉ አባል ሆነ።

ደግሞስ «ማህበር» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? በእኛ አገር የሚካኤልም ሆነ የማርያም ማህበር ጠላው ካልተቀዳ ማህበር አይባልም። ጠላ የማይቀዳበት ማህበር ቢሏችሁ፣ ታቦት የሌለው ቤተክርስቲያን ያሏችሁ ያህል ነው የሚመስላችሁ። ሰው ምን ይዞ ያወራል? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንጂ ሻይ ያወጣዋል ያለ አለ?

እውነትም ወንድሜን አላወጣውም። ያ ሁሉ ጨዋታ የት እንደገባ እንጃ። ሌላው በየተራ ይናገራል፤ ስለ ራሱ ብቻ። ማንም አይመክርም፣ ማንም አይመልስም። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ግምገማ የመጣሁ ነው የመሰለኝ። ልዩነቱ፣ በእኛ ግምገማ ሰው የሚናዘዘው የጓደኛውን ኃጢአት ነው። እዚህ የራሱን ነው። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ግን መሬት መሬት ያያል። «ላቀው ነኝ» ይላል። በቃ።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው። «እኔ እንኳ አልጠጣም» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያን ጊዜ ነው መሪጌታ ፈንቴን ልብ ያልኳቸው። የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ጥምጥማቸው ንፁህ፣ ዓይናቸው ተንኮለኛ። «ግድ የለም፣ ልጄ» አሉኝ፣ «እኛም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ነበር ያልነው።»

«የእውነቴን ነው። ወንድሜን ላደርስ ነው የመጣሁ።»

«እኔም የመጣሁት ጥምጥሜን ላደርስ ነበር» አሉ።

አላመኑኝም። በኋላ ፍኖተ ሰላምም ወሬው ደረሰ። በየእሁዱ ቡሬ መሄዴ ታየ። አንዲት የተማሪ እናት እጄን ይዛ «አይዞህ፣ መምህር፤ ማርያም ታውጣህ» አለችኝ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ በር ዘጋና «ሰው ነህ፤ እኔ እረዳሃለሁ» አለኝ። ምን ልበል? «ወንድሜ ነው» ብል ወንድሜን አዋረድኩ። ዝም ብል እኔ ሰከርኩ። ዝም አልኩ። አስቡት እንግዲህ፣ አንድ ብርሌ ሳልቀምስ ስሜ ብቻውን ሰከረ።

ወንድሜ የተናገረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ተራው ደረሰ፣ «ላቀው ነኝ» አለ፤ ሰው ወደ እኔ መዞር ሲጀምር ቀጠለ። «እኔ ሰክሬ የተናገርኩትን አገር ሁሉ ያስታውሰዋል። ‹ላቀው ያኔ እንዲህ ብሎ› እያሉ ይስቃሉ። እኔ ብቻ አላስታውሰውም። አብሬ እስቃለሁ እንጂ ምን እንዳልኩ አላውቀውም። ልጄ ፊደል የቆጠረችበትን ቀን አላውቀውም። እናቴ የሞተች ዕለት ምን እንዳልኳት አላውቀውም። በገዛ ሕይወቴ እንግዳ ሆኜ ኖርኩ።» ከዚያ ሻዩን አነሳና ጠጣ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ወንድሜን ተጫዋች ነው እል ነበር። ያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሁሉም እንዲህ የሚያስለቅስ እንዳይመስላችሁ። አንድ እሁድ ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጡ። ያ ዘመን ሦስት ሰው ተሰብስቦ ካወራ አጀንዳ የሚጠየቅበት ዘመን ነው። «የስብሰባችሁ አጀንዳ ምንድን ነው?» አሉ።

«አለመጠጣት» አሉ መሪጌታ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንደገና አለመጠጣት።»

«ከጀርባችሁ ማን አለ?»

«ከጀርባችንማ አረቄ አለ፣ ጌታው። እያሳደደን ነው።»

አንደኛው ተቆጣ። አንድ ለአምስት መደራጀት እንዳለብን፣ ሪፖርትም በየወሩ እንድናቀርብ አሳስቦ ወጣ። ሁለተኛው ምንም አላለም። በሚቀጥለው እሁድ ብቻውን መጣና ኮፍያውን አውልቆ ከኋላ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ «እኔ እንኳ ለሥራ ነው» አለ። ማንም አልሳቀበትም።

የብርዙን ነገርስ? የአንዱ አባል ሚስት ደስ ብሏት፣ ማር በውሃ በጥብጣ ብርዝ ላከችልን። ግን የላከችው አርብ ነው። እማማ ጥሩወርቅ ቤት ሙቀት ውስጥ ሰነበተ። እሁድ ተቀዳ። ሰው ጠጣ። ያን ቀን ማህበሩ ከወትሮው ደመቀ። አንድ በሕይወቱ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ሹፌር እስክስታ ሊመታ ተነሳ። መሪጌታ በጣታቸው ነክረው ቀመሱና ብርጭቆውን ራቅ አድርገው አስቀመጡት። «ይህ ብርዝ ሐሳቡን ቀይሯል» አሉ። ጋኑ ደጅ ተደፋ። እማማ ጥሩወርቅ ሲያፈሱት ፊታቸውን ብታዩት! ቀጂ እንጂ ደፊ ሆነው አያውቁማ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ፋሲካ ደረሰ። ጾም ያሰረው ሁሉ በፋሲካ ይፈታል። ወንድሜም ተፈታ። ጎረቤት «ለአንድ ቀን ምን አለበት፣ ክርስቶስ ተነስቶ!» አሉት። እሱ ግን ወደቀ። ሳምንቱን ሙሉ ወደቀ። ትሁን መጥታ ስትነግረኝ አልተናደድኩም። ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን ሳላወልቅ ቆየሁ። ሰው ሲደክመው ጫማ ማውለቅ ራሱ ሥራ ነው።

ብቻዬን ቡሬ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ። እግሬ ለምዶት ይሆናል፤ እንደነዚያ ደንበኞች። ተራዬ ሲደርስ «አልጠጣም» አላልኩም። «ደክሞኛል» አልኩ። «ወንድሜን መፈለግ ደክሞኛል። ሲጠጣ መፈለግ፣ ሲያቆም መጠበቅ። ሰው ‹ላቀው እንዴት ነው?› ይለኛል፤ ‹አንተስ?› ያለኝ የለም። ብጠጣ እንኳ የሚይዘኝ አገኝ ነበር።»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «እነሆ፣ አሁን ገና አባል ሆንክ» አሉ። እማማ ጥሩወርቅ ሻይ ደገሙልኝ። «ወንድምህን ንገረው» አሉኝ፣ «አግዳሚው ላይ ቦታው አለ። ማንም አልተቀመጠበትም።»

ነገርኩት። ሁለት እሁድ አልመጣም። በሦስተኛው ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ቀድሞኝ ተሳፍሮ አገኘሁት። ኮቱ እስከ ጆሮው ነው። «ላቀው ነኝ» አለ ተራው ሲደርስ። «ወድቄ ነበር።» በቃ። እንደገና ከአንድ።

ውባለም ይህን ሁሉ ከሩቅ ታያለች። አትጠይቅም። መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን አባቷን «ጥር ይሁን፣ አባባ?» አለችው። እሱም «ጥር ይሁን» አለ። ያን ቀን ከእሱ ይልቅ እኔ ነኝ የፈራሁት።

ሰርግ ነዋ! ዳስ ተጣለ፣ ጠላው በጋን፣ አረቄው በጀሪካን። የሙሽራዋ አባት ካልቀመሰ ማን ይቀምሳል? እነ መሪጌታ፣ እማማ ጥሩወርቅ፣ ያ የቀበሌ ሰውዬ ሳይቀር ከቡሬ መጥተው አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ዳሱ ውስጥ ውሃ የሚጠጡ እነሱ ብቻ ናቸው፤ ሰው ጴንጤ መስለውት በጎን ያያቸዋል። ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ፣ የሙሽራው አጎት ተነሱ። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ዳስ የሚያነቃንቅ። ዋንጫ ሞልተው ወንድሜ ፊት ቆሙ።

«አማቼ! በሞቴ! ይችን ካልጠጣህልኝ ዝምድናውን ጠልተኸዋል።»

ወንድሜ ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጠላው ጠርዙ ላይ ይነቃነቃል። አሻግሬ ውባለምን አየኋት። በቬሏ ውስጥ ዓይኗ አይርገበገብም።

አያ ላቀው ዋንጫውን ቀና አድርጎ አየውና፣ «አማቼ» አለ፣ «ይችን ከጠጣሁ ነገ በቆሎ ውስጥ ነው የምትፈልጉኝ። አሁን ደግሞ ጥር ነው፣ በቆሎው ታጭዷል። የት ብላችሁ ልትፈልጉኝ ነው?»

መጀመሪያ የሳቁት እኚያ ትልቁ የጅጋ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ከዚያ ዳሱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አጎትየው ግን አልለቀቁም። መሪጌታ ብድግ አሉ። «ፍቅር እንዳይጓደል እኔ ልፍታው» አሉ። «ጠላ ስሙ ጠላ ነው፣ ጌታዬ። ላቀው ዕድሜውን ሁሉ ወደደው፤ እሱ ግን ላቀውን ጠላ። በልጁ ሰርግ የሚጠላውን የሚያቅፍ ማን ነው?» ቅኔ የገባው አጨበጨበ። ያልገባው የገባው ሲያጨበጭብ አይቶ አጨበጨበ። አጎትየው ዋንጫውን ተቀብለው ራሳቸው ጨለጡት። ውባለም ቬሏን አወረደች። ያለቀሰች ይመስለኛል፤ እንጃ፣ እኔ ራሴ ደህና አላይም ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ወጉ አማረ አይደል? እኔም እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። ደክሞኝ ነበራ! እሁድ ልተኛ፣ ልብሴን ልጠብ፣ የተማሪ ፈተና ላርም አልኩ። ግን ታሪክ እንደ ሰርግ በሆታ አያልቅም።

ያ ቀልድ የወንድሜ የመጨረሻ ቀልድ ሆነ። ቁም ነገረኛ ሆነ። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ከተነሳ ደግሞ ያያል። ያን ሁሉ ዘመን ያላየውን ቤት አሁን አንድ በአንድ ያየዋል። ወጡ ለምን ቀጠነ? ጊደሯ ለምን ተሸጠች? አጥሩን ወደዚህ ያስገባው ማን ነው? ትሁን «እኔ ነኝ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት» ስትለው፣ «ሳታማክሪኝ?» ይላል። ልታማክረው ስትፈልገው የት እንደነበረ ይረሳዋል። ጎረቤት ለጨዋታ ቢጠራው ስለ ጉበት ያስተምራል። ለቅሶ ቤት ሰው ከአጠገቡ መነሳት ጀመረ።

ትሁን አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች።

«ድኖልኛል፤ ተመስገን ነው» አለችኝ። «ስለቴንም አስገብቻለሁ።»

«እና?»

«እና ሰካራሙን አውቀው ነበር። ምን ሰዓት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚል፣ የት እንደሚወድቅ። ይሄን ሰውዬ ግን ያስተዋወቀኝ የለም። ቤቴን ለብቻዬ ነው ያቆምኩት። አሁን በቤቴ ልጅ እግር ሠራተኛ አደረገኝ። ለማን ልንገር? ለጎረቤት ባወራ ‹ጥጋብ ነው፣ ሲጠጣ ይሻልሽ ነበር?› ይሉኛል።» ነጠላዋን ለቀቀችና፣ «ለእኛስ ማህበር የለንም?» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይህን ያልጠየቀ ጭንቅላት ተሸክሜ አስተማሪ ነኝ እላለሁ። ሄጄ ለእማማ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። አልደነቃቸውም። «ቅዳሜ ይምጡ» አሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከማንኩሳም ከቡሬም ሴት መጣ። አግዳሚው አልበቃ ብሎ መሬት ተቀመጡ አሉኝ። ያቺ የልብስ ሰፊው ሚስትም ነበረች። ምን እንደተባለ አላውቅም፤ እኔን ደጅ ነው ያቆሙኝ። ከውስጥ ግን አንዴ ልቅሶ፣ አንዴ ሳቅ ይሰማል። ሳቁ ይበልጥ ነበር። ትሁን ስትወጣ ፊቷ የታጠበ ይመስላል። ሚኒባስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ማንኩሳ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

አያ ላቀው ወር ያህል ታገሰ። አንድ ቀን እንደ ድሮው በሬን አንኳኳ። አሁን እጁ አይንቀጠቀጥም። ተቀመጠ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አቧራ በጣቱ ጠርጎ አየው።

«መምህር፣ ትሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትሄድ?»

«ቡሬ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ስለ አንተ ልታወራ።»

«ደግ ደጉን ነው?»

«እንጃ። እዚያ የተወራ እዚያ ይቀራል፤ አንተው ታውቀዋለህ።»

ፊቱ ከሰል መሰለ። ተነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። «ተመልከት እንግዲህ፣ የሴትን ነገር!» አለኝ። «ያን ሁሉ ዘመን አረቄ ስጠጣ ችላኝ የኖረች፣ ዛሬ ውሃ ስጠጣ መረራት?»

አረቄው እያለ ጥፋቱ ሁሉ የአረቄው ነበር። አሁን አረቄ የለም፤ ያለው እሱ ነው።